ለ9ኛ ክፍል የትኛው ዲክሽነሪ? የኪሱ፣ የአምሳሉ፣ የኦክስፎርዱና የስልኩ ትርጉም ሲፈተሹ

መስከረም ላይ ከደብተርና ከዩኒፎርም ጋር ተደርቦ ከሚገዛው አንዱ ዲክሽነሪ ነው። አብዛኛው ወላጅ የሚያነሣው ያችኑ የኪስ እንግሊዝኛ–አማርኛ ነው። ርካሽ ናት፤ ቦርሳ ውስጥ አትከብድም፤ ሽፋኗ ላይም ይህን ያህል ሺህ ቃላት ይዛለች ተብሎ በደማቅ ቀለም ተጽፎባታል። ብዙ ጊዜ ኅዳር ሳይጋመስ ሙጫዋ ይለቅና ከ«ኤ» እስከ «ሲ» ያለው ክፍል ለብቻው ተገንጥሎ ይወጣል። የጥራዟ ነገር ግን ትንሹ ችግሯ ነው። ትልቁ፣ ተማሪው የሚፈልገው አንድ ሆኖ እሷ የምትሰጠው ሌላ መሆኑ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይማራሉ፤ 9ኛ ክፍል ሲገቡ፣ አንዳንድ ቦታም ከ7ኛ ጀምሮ፣ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ከታች ክፍል ጀምረው ተምረውታል። ስለ ፕረዘንት ፐርፌክት ቢጠየቁ ቀመሩን ሳይደናቀፉ ይደረድሩታል። የባዮሎጂው መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ።

የሚያቆማቸው ሰው እንደሚገምተው «ፎቶሲንተሲስ» አይደለም። ፎቶሲንተሲስን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሥሎ፣ አማርኛም ጨምሮበት ያስረዳል። ማንም የማያስረዳቸው በየዓረፍተ ነገሩ መካከል የተሰገሰጉት ናቸው፦ «ዌርአዝ»፣ «አሱም»፣ «ዲራይቭ»፣ «ቴንድ ቱ»፣ «ሪስፔክቲቭሊ»። የእንግሊዝኛ መምህሩ የሳይንስ ክፍል ጉዳይ ናቸው ብሎ ይዘላቸዋል፤ የሳይንሱ መምህር ደግሞ ለእንግሊዝኛው ይተዋቸዋል። አቬሪል ኮክስሄድ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ከዩኒቨርሲቲ ደረጃ ጽሑፎች እንዲህ ያሉትን ቃላት ለቅመው 570 የቃል ቤተሰብ (ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት እንደ አንድ ተቆጥረው) ያለው ዝርዝር አውጥተዋል። 570 ለ4 ዓመት ሲከፋፈል ብዙ አይደለም። በሳምንት 4 ገደማ ነው።

አንዷን ቃል ብቻ እንይ። የኬሚስትሪ ጥያቄ «የኤሌክትሮንና የፕሮቶን ቻርጅ፣ ሪስፔክቲቭሊ፣ ምን ምን ነው?» ይላል። አንዱ አማራጭ «ኔጋቲቭና ፖዘቲቭ»፣ ሌላው «ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ» ነው። ሪስፔክቲቭሊ «እንደ ቅደም ተከተላቸው» ማለት መሆኑን ያላወቀ ተማሪ ሁለቱ አማራጮች አንድ ዓይነት ይመስሉታል። ኬሚስትሪውን እያወቀ ነጥቡን ይጥላል። በ2014 የትምህርት ዘመን 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ማላከክ ልክ አይሆንም፤ ነገር ግን ፊዚክሱም ሒሳቡም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ መሆኑን ረስቶ ስለ ውጤት ማውራትም ልክ አይደለም።

ስለዚህ ዲክሽነሪ ስንመዝን የቃላቱን ብዛት ትተን የምናየው ሌላ ነገር ነው፦ ቃሉ እዚህ ቦታ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ይለያል? ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚሄድ ያሳያል? አነባበቡን በትክክል ይሰጣል? በቃል መያዝ የሚገባው ቃል መሆኑንና አለመሆኑን ይናገራል? የኪሷ ዲክሽነሪ ከነዚህ የመጀመሪያውን ብቻ፣ ያውም በግማሽ ትመልሳለች።

ይህን ለማየት ሱቅ ቆሞ 2 ደቂቃ ይበቃል። ሻጩ ቢነጫነጭም ይታገሡት። መጀመሪያ «ቻርጅ»ን ይፈልጉ። ደካማ ዲክሽነሪ «ክስ፣ ዋጋ፣ ጥቃት፣ ኃላፊነት» ብሎ በነጠላ ሰረዝ ደርድሮ ያልፋል። የትኛው ለፍርድ ቤት፣ የትኛው ለሱቅ፣ የትኛው ለኤሌክትሪክ እንደሆነ ምልክት የለውም። ተማሪውም የመጀመሪያውን ይወስድና የፊዚክስ ደብተሩ ላይ «የኤሌክትሮን ክስ» ብሎ ይጽፋል። «ሴል»ም እንዲሁ ነው፤ የእስር ቤት ክፍል አለ፣ የባትሪ ድንጋይ አለ፣ የባዮሎጂው ሕዋስ አለ። «ሶሉሽን» ላይ «መፍትሔ» ብቻ ከተጻፈ፣ ጨው ውኃ ውስጥ ሲሟሟ የሚገኘውን የት ያግኘው?

ቀጥሎ «ሌንድ»ንና «ቦሮው»ን ጎን ለጎን ይመልከቱ። አማርኛ ሁለቱን ከአንድ ሥር ያወጣቸዋል፦ አበደረና ተበደረ፣ አዋሰና ተዋሰ። እንግሊዝኛ ግን የማይገናኙ ሁለት ቃላት ሰጥቷቸዋል፤ ስለዚህ ተማሪዎቻችን ያለማቋረጥ ያቀያይሯቸዋል። «መዋስ» እና «ማዋስ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። አራሚ ባላየው ዲክሽነሪ ውስጥ ያቺ ፊደል ከተሳሳተች ትርጉሙ ይገለበጣል። ሁለቱም ላይ ያው ትርጉም ከተጻፈ መጽሐፉን መልሰው ያስቀምጡት።

ከዚያ «ስኖው»፣ «አይስ» እና «ሄይል»። ለኛ ሦስቱም በረዶ ናቸው። ጥሩ ዲክሽነሪ ከ«በረዶ» ቀጥሎ ሁለት ሦስት ቃል ጨምሮ፣ እንደ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደውን፣ ውኃ ሲረጋ የሚሆነውንና ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር ይለያል። የጂኦግራፊ ተማሪ ያለዚህ ስለ አየር ንብረት አንብቦ አይገባውም። «ፉት»ና «ሌግ»፣ «ሃንድ»ና «አርም»፣ «ፊንገር»ና «ቶው» ተመሳሳይ ፈተና ናቸው። እኛ እግር፣ እጅ፣ ጣት ብለን የምናልፈውን እነሱ ለሁለት ይከፍሉታል።

መጨረሻ «ዲፔንድ»ን ይፈልጉ። አጠገቡ «ኦን» አለ? ከሌለ ዲክሽነሪው ቃል እንጂ አጠቃቀም አይሰጥም ማለት ነው። በዚህ ፈተና አብዛኞቹ የኪስ ዲክሽነሪዎች ይወድቃሉ። ይህን ስንል ጨርሶ አይጠቅሙም እያልን አይደለም። የዕፅዋት፣ የእንስሳት፣ የዕቃ ስም ለማየት ፈጣን ናቸው። «ሊቨር» ጉበት ነው፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለግስና ለአያያዥ ቃል ግን አይታመኑም።

ከእንግሊዝኛ–አማርኛዎቹ መካከል ሥራ የተሠራበት መሆኑ በግልጽ የሚታየው የዶክተር አምሳሉ አክሊሉና የጂ. ፒ. ሞስባክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ ውስጥ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመ ነው፤ ሰው «የአምሳሉ» ብሎ ብቻ ይጠራዋል። አማርኛው የተመረጠ ነው፤ የቃል በቃል ግልባጭ አይሸትም። ጉድለቱ ዕድሜው ነው። ኮምፒዩተር ወደ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት የተጻፈ ስለሆነ የአይሲቲ ተማሪ በዚያ በኩል ምንም አያገኝበትም፤ «ማውስ» እዚያ አይጥ ናት። ለተቀረው ግን፣ ካገኙት፣ ከማንኛውም የኪስ ዲክሽነሪ ይሻላል። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር የታተመ የቮልፍ ሌስላው ትልቅ እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ አለ። የተዘጋጀው አማርኛ ለሚማር የውጭ ሰው ነው፤ የሚገርመው ግን ለኛም ልጅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን ፍቺ በሙሉ ዓረፍተ ነገርና በአማርኛ ትርጉሙ ያሳያል። ወፍራምና ውድ ነው። ትምህርት ቤቶች ለቤተ መጻሕፍታቸው አንድ ቢገዙ ያዋጣቸዋል፤ ለተማሪ ቦርሳ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ላለ ተማሪ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ቢጠይቀን የምንመክረው ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሆነውን ነው፤ ግን ማንኛውንም አይደለም። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ እንግሊዝኛን ከእናቱ ለተማረ ሰው የተዘጋጀ ነው። ከአሜሪካ ያለ ዘመድ «ለልጁ ትልቅ ዲክሽነሪ» ብሎ የሚልከው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። መደርደሪያ ላይ ያምራል፤ ለተማሪው ግን ቀላሉን ቃል በከባድ ቃላት ይፈታበታል፤ እነዚያን ፍለጋ ሲሄድ ሌሎች ይመጡበትና በሦስተኛው ገጽ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። ሌላው ዓይነት «ለርነርስ» የሚባለው፣ ለቋንቋ ተማሪ የተዘጋጀው ነው። ሽፋኑ ላይ ይህች ቃል መኖሯን ያረጋግጡ።

ከነዚህ በጣም የታወቀው የኦክስፎርዱ አድቫንስድ ለርነርስ ነው። መነሻው ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ሆርንቢ የሠራው መዝገበ ቃላት ነው፤ ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመው። የዛሬዎቹ እትሞች ፍቺ የሚጽፉት በ3,000 ገደማ ቃላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የመጣው የሎንግማኑ ደግሞ በ2,000 ገደማ። ይህ ማለት እነዚያን ቃላት ያወቀ ሰው መጽሐፉን በሙሉ ማንበብ ይችላል ማለት ነው። ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል የሎንግማኑ ትንሽ ይቀላል ባይ ነን፤ 11ኛና 12ኛ ሲደርሱ ልዩነቱ አይታይም። ለልጅዎ ይከብድ እንደሆነ ለማወቅ 3 ቦታ በዘፈቀደ ይግለጡና 5 ፍቺ ያስነብቡት። ከአምስቱ ፍቺ ሦስቱ ላይ ከተቸገረ ገና ነው፤ ሁለቱም አሳታሚዎች ከዚህ ዝቅ ያለ ደረጃ ያላቸው አሏቸው።

የነዚህ ዲክሽነሪዎች ትልቁ ሀብት ግን ፍቺው አይደለም። ግሱ ከምን ጋር እንደሚሄድ ማሳየታቸው ነው፤ ሆርንቢ ከጅምሩ የደከመበትም ይሄንኑ ነው። የኛ ተማሪዎች ስሕተት ሰፊው ክፍል እዚህ ጋ ነው፤ ምንጩም አማርኛችን ነው። «አስረዳኝ» ስንል ተቀባዩን ግሱ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ስለዚህ ልጁ «ኤክስፕሌይን ሚ ዚስ» ይላል። ዲክሽነሪው ውስጥ ከግሱ ሥር በደማቁ «ኤክስፕሌይን ሰምቲንግ ቱ ሰምባዲ» ተብሎ ተቀምጧል፤ መጀመሪያ ነገሩ፣ ከዚያ «ቱ»፣ ከዚያ ሰውዬው። «ስለ ፈተናው ተወያየን» ማለት ስለለመድን «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እንጨምራለን፤ ዲክሽነሪው አይጨምርም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪ» ላይ «ዊዝ» እናክላለን፤ እንግሊዝኛው ያለ ምንም መስተዋድድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሦስቱም ስሕተቶች ከየትኛውም የኪስ ዲክሽነሪ አይታረሙም፤ እዚያ የተጻፈው «ማስረዳት፣ መወያየት፣ ማግባት» ብቻ ነው፤ ትርጉሙም ትክክል ነው።

ስሙ ላይ ደግሞ የምትታይ አንዲት ፊደል አለች፦ ለሚቆጠረው «ሲ»፣ ለማይቆጠረው «ዩ»። «አድቫይስ»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ሆምወርክ»፣ «ኖሌጅ» ላይ «ዩ»ን ያየ ተማሪ «ምክሮች፣ መረጃዎች» እያለ መጨረሻቸው ላይ «ኤስ» አይለጥፍም። ችግሩ ብዙ ተማሪዎች እነዚህን ምልክቶች እንደ ጌጥ ማየታቸው ነው። መጽሐፉ መግቢያ ላይ የምልክቶቹ ማብራሪያ አለ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ሰጥቶ እሱን ማንበብ ሦስት ሳምንት ከሚፈጅ የግራመር ልምምድ ይበልጣል።

ለዚህ ሁሉ የግድ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም። የኦክስፎርዱም የሎንግማኑም በድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ። ስልክና ትንሽ ዳታ ያለው ተማሪ ድምፁን ጭምር፣ የእንግሊዙንም የአሜሪካውንም፣ ይሰማል። የኦክስፎርዱ ድረ ገጽ በጣም አስፈላጊዎቹን ቃላት ከቀላሉ «ኤ1» እስከ ከባዱ «ሲ1» በደረጃ ምልክት ያደርግባቸዋል። የሎንግማኑ በንግግርና በጽሑፍ የሚዘወተሩትን ለየብቻ ያመለክታል። ይህ አራተኛውን ጥያቄ ይመልሳል፦ ምልክት የሌለውን ቃል ትርጉሙን አይቶ ማለፍ ነው፤ ምልክት ያለውን በቃል መያዝ። ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረው የዲክሽነሪ ፒዲኤፍ ግን አይመከርም። ሕጋዊነቱን ለጊዜው እንተወውና፣ አብዛኛው ገጹ ፎቶ የተነሣ ስለሆነ ቃል ተጽፎ አይፈለግበትም፤ በትንሽ ስልክ ሺህ ገጽ እየገፉ «ቲ» ጋ መድረስ ደግሞ ቀልድ ነው።

ስለ አነባበብ ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንዳንድ የኪስ ዲክሽነሪ «ከነአነባበቡ» ተብሎ በዚሁ ይሸጣል። አነባበቡ በአማርኛ ፊደል ነው። በግና መርከብ ሁለቱም «ሺፕ» ተብለው ይጻፋሉ፤ አንደኛው ረዥም፣ ሁለተኛው አጭር መሆኑን ፊደላችን አያሳይም። ሞኝና ሙሉ ሁለቱም «ፉል» ይሆናሉ። የአማርኛ አናባቢ 7 ነው፤ የእንግሊዝኛው፣ ሁለት አናባቢ የተጣመሩባቸው ጥንዶች ሲቆጠሩ፣ 20 ይደርሳል። 20ውን በ7 ሣጥን ለማስቀመጥ የግድ መደራረብ ይመጣል። ከዚህ የሚከፋው የጫናው፣ ማለትም የቃሉ አንዱ ክፍል ከሌላው በርትቶ የመነገሩ፣ ነገር ነው። «ሪኮርድ» ስም ሲሆን ጫናው መጀመሪያው ላይ፣ ግስ ሲሆን መጨረሻው ላይ ነው። «ፎቶግራፍ» መጀመሪያው ላይ ይጫናል፤ «ፎቶግራፈር» ሲሆን ጫናው ወደ ሁለተኛው ይዛወራል። በፊደላችን ይህ የሚታይበት መንገድ የለም። ለርነርሱ ዲክሽነሪ ላይ ግን ከሚጫነው ክፍል በፊት ከፍ ብላ የቆመች ቀጭን ጭረት አለች፤ ለረዥሙ አናባቢ ደግሞ ሁለት ነጥብ የመሰለ ምልክት። ከሁሉም የድምፅ ምልክቶች እነዚህን ሁለቱን ብቻ ማወቅ ግማሹን ችግር ያቃልላል። ስልክ ያለው ሰው ደግሞ ድምጽ ማጉያዋን ተጭኖ ሦስት ጊዜ ሰምቶ ይድገም።

ወደ ጎግል ትርጉም እንለፍ፤ ዛሬ ተማሪው መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነውና። አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ አፋን ኦሮሞና ትግርኛ በ2022 ተከትለዋል። ነጻ ነው፤ ካሜራውን የመጽሐፉ ገጽ ላይ ማነጣጠር ብቻ ይበቃል። አንድ ነጠላ ቃል ከሚጽፉለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን ቢሰጡት ይሻላል፤ «ቻርጅ» ብቻዋን ስትሆን ይገምታል፤ ከኤሌክትሮን ጋር ስትመጣ ግን የሚመርጠው ትርጉም ይጠብለታል።

የሚያስቸግረው ተማሪው የፊዚክሱን ምዕራፍ ሙሉውን ገልብጦ አማርኛውን ሲያጠና ነው። «ስፒድ»ም «ቬሎሲቲ»ም በዕለት ተዕለት አማርኛ ፍጥነት ናቸው። መጽሐፉ በክብ መንገድ በእኩል ስፒድ የሚዞር አካል ቬሎሲቲው ይለዋወጣል ይላል፤ ምክንያቱም ቬሎሲቲ አቅጣጫንም ይጨምራል። ሁለቱንም ፍጥነት ብለው ሲተረጉሙት «ፍጥነቱ ሳይለወጥ ፍጥነቱ የሚለወጥ አካል» ይወጣል። «ፎርስ»፣ «ፓወር» እና «ኢነርጂ»ም ኃይልና ጉልበት በሚሉት ሁለት ቃላት ውስጥ ይምታታሉ። የምዕራፉ ቁም ነገር የነዚህ ቃላት ልዩነት ስለሆነ ትርጉሙ የሚያጠፋው ራሱን ትምህርቱን ነው። እነዚህን የትምህርት ስሞች ወደ አማርኛ ሳይመልሱ እንደ ስማቸው መያዝ ይበጃል።

በሌላ አቅጣጫ፣ ተማሪው አማርኛ ጽፎ ማሽኑ ያወጣለትን እንግሊዝኛ ለመምህር ቢያስረክብ፣ መምህሩ ወዲያው ያውቀዋል። «ሁለት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ» የሚለው በእንግሊዝኛም ሁለት ሰዓት ሆኖ ይወጣል፤ በእነሱ አቆጣጠር ግን 8 ሰዓት መሆን ነበረበት። ስለ አንድ መምህር «እሳቸው» እያሉ በአክብሮት የተጻፈ ድርሰት መካከሉ ላይ «ዘይ» እየሆነ አንዱ መምህር ብዙ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ሌላ ብዙዎች የሚሳሳቱበት አጠቃቀም አለ፦ ተማሪው የጻፈውን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይመልስና አማርኛው ልክ ከመጣ «ትክክል ጽፌያለሁ» ይላል። አይደለም። ማሽኑ ስሕተትን ይቅር ይላል። «ሂ ኤክስፕሌይንድ ሚ» ብትሉት «አስረዳኝ» ብሎ ጥርት ያለ አማርኛ ይሰጣችኋል። ስለዚህ እንደ መምህር ቀይ እስክሪብቶ አትጠቀሙበት።

ማንኛውም ዲክሽነሪ የማያድናቸው ነገሮችም እንዳሉ እንናገር። እኛ የሰውን ንግግር ስናወራ እንዳለው እናቀርበዋለን፦ «እመጣለሁ አለ»። ተማሪውም በእንግሊዝኛ «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» ይላል፤ ሰሚው ግን የሚመጣው ተናጋሪው ራሱ ይመስለዋል። የ«ኤ» እና የ«ዘ» ነገርም እንዲሁ ብዙ በማንበብ እንጂ ቃል በመፈለግ አይገኝም።

ዲክሽነሪው ከተገዛ ወይም ስልኩ ላይ ከተከፈተ በኋላ ያለው ሥራ ደብተር ላይ በሁለት ዓምድ እንግሊዝኛና አማርኛ መደርደር አይደለም። በዚያ መንገድ ልጁ የሚያስታውሰው ቃሉ ገጹ ላይ የት ጋ እንደነበር ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት አራት ጊዜ ለሁለት ለሁለት አጥፎ መቅደድ 16 ካርድ ይሰጣል፤ ሁለት ወረቀት ለሳምንቱ 30 ቃል በቅቶ 2 ይተርፋል። ከፊት በኩል ቃሉ ብቻውን አይጻፍም፤ ከተገኘበት መጽሐፍ አጭር ዓረፍተ ነገር ይገለበጥና ቃሉ ይሰመርበታል። ከኋላ አማርኛው፣ ከሥሩ መስተዋድዱ ወይም «ዩ»ዋ፣ የሚጫነው ክፍል ላይም ጭረት። በማግሥቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱና በወሩ ይታያል፤ የተረሳው ወደ መጀመሪያው ክምር ይመለሳል። 30 ቃል በ36 የትምህርት ሳምንት 1,080 ነው። በ4 ዓመት ግማሹ እንኳ ቢጠፋ ከ2,000 በላይ ይቀራል፤ የሎንግማኑ ፍቺዎች የሚጻፉበት ያህል ማለት ነው። ብዙ የሚያበላሸው አንድ ቀን 50 ቃል መያዝ ነው፤ በሳምንቱ ከ50ው የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ልጁም «ጭንቅላቴ አይዝም» ብሎ ይተወዋል።

መጽሐፉን ያገለገለ መግዛት ነውር የለበትም። የሃያ ዓመት እትም እንኳ ቢሆን «ዲፔንድ» እና «ሪስፔክቲቭሊ» አልተለወጡም፤ አዲሱን እትም ፍለጋ የሚጨመረው ብር ለተማሪ አያዋጣም። ሲገዙ ግን ገጹን ይቁጠሩ። በፎቶ ኮፒ የተባዛ ከሆነ ቀጭኗ የጫና ጭረት ጠፍታ፣ የሁለቱ ነጥቦች ምልክት ተድበስብሳ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የአነባበቡ ክፍል ዋጋ የለውም። የጎደለ ገጽ ለማየት «ኤስ» ጋ ይግለጡ። በእንግሊዝኛ ብዙ ቃል የሚጀምረው በዚህ ፊደል ነው፤ በክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቀድሞ የሚቀደደውም ብዙ ጊዜ እዚያው ጋ ነው።